ትልልቆቹ ሰዎች የት ሄዱ?

እናቴ መጽሐፍ አታነብም፤ መጽሐፍ ይተረክላታል። ተራኪዋ የወንድሜ ልጅ ናት፣ 15 ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ በሳምንቱ ያነበበችውን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በአማርኛ እየመለሰች ታወራላታለች። እናቴ ቆሎዋን እየቆረጠመች ትሰማለች፣ ጣልቃ ትገባለች፣ ትራገማለች፣ አንዳንዴም ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ታስጠጋለች። ታሪኩ ስለ ዘንዶ ይሁን ስለ ሽጉጥ፣ አቦሉ ሳይቀዳ የምትጠይቀው ግን አንድ ነው።

«እናቷስ?»

«ሞታለች፣ እማዬ።»

«አባቷስ?»

«እሱም የለም።»

«ወይ ጉድ! እዚያ አገር ልጅ የሚያሳድገው ማን ነው?»

መጀመሪያ መጀመሪያ እንስቅ ነበር። እያደር ጥያቄዋ እኔ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እኔ ኮምቦልቻ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ የምኖረው ደሴ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት እንግሊዝኛ አንባቢዎች «ያንግ አደልት» የሚሏቸውን፣ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚጻፉ ልብ ወለዶች ከዚህች ልጅ ጋር እኩል ሳነብ ከረምኩ። መጻሕፍቱን ፒያሳ ዞሬ አላገኘኋቸውም። አንዳንዱ ከአሜሪካ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ጥግ ተወሽቆ ይደርሰናል፣ የቀረው በቴሌግራም ፒዲኤፍ ሆኖ ይመጣል። ደራሲዎቹ ከእኛ ሰባራ ሳንቲም እንደማያገኙ አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ እንደ ባለዕዳ ቁጠሩልኝ።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ የእናቴው ነው። እነዚህ መጻሕፍት ወላጅ ይፈጃሉ። ልማዱ ዛሬ የመጣም አይደለም። የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ፈር ቀዳጅ ተብሎ የሚነሳው «ዚ አውትሳይደርስ» የታተመው እ.ኤ.አ. 1967 ነው። ደራሲዋ ኤስ ኢ ሂንተን መጻፍ ስትጀምር ራሷ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። እዚያም የሦስቱ ወንድማማቾች እናትና አባት በመኪና አደጋ ሞተዋል፣ ታላቅየው ትንንሾቹን ያሳድጋል። ምክንያቱ ይገባኛል። እናት ካለች መጽሐፉ ሃያኛው ገጽ ላይ ያልቃል። «ቁጭ በይ፣ የትም አትሄጂም» ትላታለች፣ በቃ። ልጅቷ መንግሥት እንድትገለብጥ ከተፈለገ መጀመሪያ እናትየዋን መቅበር ነው።

እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ታሪክ አይቆምም። ሸዋበር ላይ የ15 ዓመት ልጅ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ሦስት ሰው «የማን ልጅ ነሽ?» ይላታል። ማታ አባቷ ስንት ዳቦ እንደገዛችና ከማን ጋር ቆማ እንዳወራች ሰምቶ ይጠብቃታል። የእኛ ልብ ወለድም እንደ ሰፈራችን ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ትልልቆቹ ሰዎች ለአንድ ገጽ እንኳ ዞር አይሉም። በዛብህን ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል፣ የሰብለ ወንጌል አባት ደግሞ ባል ለመምረጥ ዘር ሲቆጥር የልጅቱ ዕድሜ ይነጉዳል። እዚያ መከራው የትልቅ ሰው መጥፋት ሳይሆን መብዛቱ ነው። ወላጅ ከሚፈጀውና ወላጅ ከሚፈጅበት የቱ እንደሚሻል እስካሁን አልወሰንኩም።

ስለ ዘንዶና ስለ ልዑል ፍቅር የሚተርኩትን ወፋፍራም ተከታታዮች እዘላቸዋለሁ። የወንድሜ ልጅ ትወዳቸዋለች፣ እኔ ሁለቱን ጀምሬ ሁለቱም ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። ሁለት ቆንጆ ወንዶች ለአንዲት ልጅ ሲሻኮቱ አራት መቶ ገጽ ማንበብ የሚችል ትዕግሥት 40 ዓመት ሳይሞላ ያልቃል መሰለኝ።

ያስደነገጠኝ የሱዛን ኮሊንስ አዲሱ መጽሐፍ ነው። የ«ሃንገር ጌምስ»ን ታሪክ ብዙ ሰው በፊልሙም ያውቀዋል። ልጆች በዕጣ ተመርጠው እርስ በርስ እንዲገዳደሉ የሚደረግበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. 2008 በወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ልጅቷን እንዲመክር የተመደበ ሄይሚች የሚባል ሰካራም አለ፤ እየወደቀ እየተነሣ ሰው የሚያስቅ፣ የማይረባ ትልቅ ሰው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 የወጣው «ሰንራይዝ ኦን ዘ ሪፒንግ» ወደ ኋላ ተመልሶ የዚህን ሰውዬ ልጅነት ይተርካል። ዕጣ የሚወጣበት ቀን 16 ዓመት የሚሞላበት ቀን ነው። ያን ዓመት በዓል ነው ተብሎ የሚላኩት ልጆች ቁጥር በእጥፍ አድጎ 48 ሆኗል።

በእንግሊዝኛ ሳነበው ጥሩ መጽሐፍ ነው ብዬ አለፍኩት። መሐሉ ይንዛዛል፣ የግጥም ጥቅስም በዝቶበታል። መጽሐፉ የገባኝ ቡና ላይ ነው። የወንድሜ ልጅ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ዓምና ስትተርክ ሄይሚችን «እሳቸው» እያለች ነበር። ሰካራም ቢሆኑም ትልቅ ሰው ናቸውና «ሄይሚች ወደቁ፣ ሄይሚች አስታወኩ» ትል ነበር፣ እኛም በዚያ እንስቅ ነበር። አሁን አዲሱን ስትጀምር ልጅ ነውና «እሱ» አለችው። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቆመች።

«ቆይ፣ ይሄ ሄይሚች ያ እሳቸው ስትዪው የነበረው ሰካራም ነው?»

«አዎ እማዬ። ያኔ ልጅ እያለ።»

«ያ እንኳ ልጅ ነበር በይኛ!»

እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። ሰካራሙም ልጁም አንድ ተውላጠ ስም ለብሰው ያልፋሉ፣ እኔም ሳይከነክነኝ አለፍኩ። በአማርኛ ግን «እሳቸው» ተገፎ «እሱ» ሲቀር ሰውየው ፊታችን እየጫጨ ልጅ ሆነ። እናቴም ዓምና ለሳቀችበት ውድቀት ሁሉ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል ልጁ ቁስል ባገኘው ቁጥር «እኔን!» ስትል ዋለች። ጥያቄዋም በግማሽ ተመለሰ። በመጀመሪያው መጽሐፍ የጠፋው ትልቅ ሰው የት እንደሄደ ሁለተኛው ነገረን፤ ትልቅ ሰው ሳይደርስለት ያደገ ልጅ ኖሯል። (የክፉው ፕሬዚዳንት ነገር ግን እስካሁን ያጨቃጭቀናል። ልጅቷ ለሹመቱ ስትል «እርሳቸው» ትለዋለች፣ እናቴ «ለልጅ ገዳይ አንቱታ አይገባም» ብላ ዘግታለች።)

ከሁሉም የበለጠብኝ ግን የጄሰን ሬይኖልድስ «ሎንግ ዌይ ዳውን» ነው። እ.ኤ.አ. 2017 የታተመ ነው፣ በግጥም የተጻፈ። ሦስት መቶ ገጽ ገደማ ቢሆንም ገጹ ላይ ያሉት ቃላት ጥቂት ስለሆኑ እንግሊዝኛው የሚያስፈራው ተማሪ ሁሉ ይጨርሰዋል። ዊል የ15 ዓመት ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሙን በጥይት ገደሉበት። የሰፈሩ ሕግ ሦስት ነው፤ አታልቅስ፣ አትጠቁም፣ ደምህን መልስ። ከወንድሙ መሳቢያ ሽጉጥ ያወጣና ሊገድል ሊፍት ውስጥ ይገባል። ሊፍቱ በየፎቁ ይቆማል፣ በየፎቁም አንድ የሞተ ሰው ይገባል። ወንድሙን ያሳደገው ጓደኛ፣ በልጅነታቸው አብራው ስትጫወት በጥይት የሞተች ልጅ፣ አጎቱ፣ ከዚያ በሕፃንነቱ ያጣው አባቱ። መጽሐፉ በሙሉ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው፣ ሊፍቱ ምድር እስኪደርስ።

ይህን ያነበብኩት ሐረጎ ላይ ነው። ሐረጎን የማያውቅ ካለ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ የሚወርድ ዳገት ነው። ከላይ ጦሳ ሥር በጉምና በብርድ ጋቢ ደርባችሁ ትነሣላችሁ፣ ታች ቦርከና ስትደርሱ ሹራብ ታወልቃላችሁ። በየጠመዝማዛው ጆሮ ይደፈናል፣ ይከፈታል። እኔ ከኋላ ወንበር መስኮቱ ጋ ተጣብቄ ስልኬ ላይ አነባለሁ፤ ሚኒባሱ ይቆማል፣ ረዳቱ በሩን ይስበዋል፣ ሰው ይገባል፣ እንጠጋጋለን። ዊል ሊፍት ውስጥ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይገባል፣ ይጠጋጋሉ። አባትየው የገባ ጊዜ ረዳቱ «ሂሳብ!» ብሎ ትከሻዬን ሲነካኝ ክው አልኩ። አባትየው ለልጁ የሚነግረው (ታሪኩን ላለመስማት የሚፈልግ ይህን መስመር ይዝለል) ለወንድሙ ደም የገደለው ሰው ያልገደለ ሰው እንደነበር ነው። ተሳስቶ ነው የገደለው። ወራጅ ሳልል መውረጃዬን አለፍኩት፣ ተማሪዎቼ ሩብ ሰዓት ጠበቁኝ።

ቅዳሜ ይህን ታሪክ የተረክሁት እኔ ነኝ፣ በጉጉት ተራዋን ነጥቄ። እናቴ አላለቀሰችም። ተናደደች።

«አበጋር የላቸውም? ደም አድርቅ የላቸውም?»

ለወሎ እንግዳ ለሆነ አንባቢ፦ አበጋር በእኛ አገር ደም የተቃባን ቤተሰብ የሚያስታርቅ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚሰማው ሽማግሌ ነው። ደም የሚደርቀው በእሱ ፊት ነው። የእናቴ አባት ከአንድም ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ እርቅ ላይ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ለእሷ የዊል ታሪክ ስለ ሽጉጥ አይደለም፣ ሽማግሌ ስላጣ ሰፈር ነው።

«የለም እማዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር የላቸውም።»

«እናትየዋስ?»

«አለች። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ነው ያደረችው፣ ስታለቅስ።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

እናቴ ስኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችው። «ልጇን ቀብራ ብቻዋን? ለቀስተኛው የት ሄደ? ወንድሙ የሞተበት ልጅስ እንዴት ብቻውን ክፍል ውስጥ ይተዋል?» አለች።

ያን ጊዜ ነው መጽሐፉ እኛ ቤት ሊሆን የማይችልበት ቦታ የታየኝ። እኛ ቤት ቢሆን ዊል ሽጉጡን ሊያወጣ ወደ መሳቢያው ሲሄድ የተኛ ለቀስተኛ እግር ይረግጥ ነበር። መሬቱ ላይ ፍራሽ ተነጥፎ፣ አጎት በጋቢ ተጠቅልሎ፣ የጎረቤት ሽማግሌ በሩ ጋ ጋደም ብሎ ያድራል። «የት ነው በዚህ ሌሊት?» ይባላል። ሬይኖልድስ ይህን አጥቶት አይመስለኝም። በሕይወት ያሉት አልመጡምና ሙታኑን አስነሥቶ አመጣቸው። ሊፍቱ የለቅሶ ቤት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዱ እጁን አውጥቶ «ታዲያ መጨረሻ ላይ ገደለ ወይስ አልገደለም?» አለኝ። መጽሐፉ አይናገርም፣ በጥያቄ ነው የሚያልቀው። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲጨቃጨቅ ደወሉ ተደወለ። ሰዋስው ሳስተምር እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

የአንጂ ቶማስ «ዘ ሄት ዩ ጊቭ» ላይ እናቴ እፎይ ብላለች። የታተመው እዚያው 2017 ላይ ነው፤ ጓደኛዋን ፖሊስ ዓይኗ እያየ ስለገደለባት የ16 ዓመት ልጅ ነው። እዚህ አባት አለ፣ እናት አለች፣ ፖሊስ የሆነ አጎት ሳይቀር አለ። አባትየው ሦስት ዓመት ታስሮ የወጣ ባለ ሱቅ ነው። ይቆጣል፣ ይሳሳታል፣ ግን ቤቱ ነው የሚያድረው። እናቴ ገና ሱቅ አለው ሲባል ወደደችው። እኔም የዘመኑ መጻሕፍት ሁሉ ወላጅ መቅበር እንደማያስፈልጋቸው ማስረጃ አድርጌ ክፍል ውስጥ ሳነሣው ከረምኩ። ጎበዝ ደራሲ እናትና አባቱን ቤት ውስጥ አስቀምጦም ልጅቷን ብቻዋን ሊያቆማት ይችላል፤ ወላጅ መግደል ስንፍና ነው፤ እንዲህ እያልኩ።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጠን ይህንኑ ስደጋግም የወንድሜ ልጅ ስልኳን ዘጋችው።

«አክስቴ፣ ወላጅ የሌለበት ታሪክ ለምንድን ነው ውሸት የሚመስልሽ?»

«ውሸት አላልኩም፣ ስንፍና ነው ያልኩት።»

«ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ የምትቀመጠውን ልጅ ታውቂያታለሽ አይደል? እናቷ ጅዳ ናት። ከሄደች ሰባት ዓመቷ። ኋላችን ያሉት ሁለቱም እንደዚያው፣ አንዷ ቤሩት፣ አንዷ ሪያድ። አባትም የላቸውም፣ አያት ናቸው የሚያሳድጓቸው። የእኛ ክፍል ሃንገር ጌምስ ያነበበ ሁሉ እናትየዋ ለምን የለችም ብሎ አልጠየቀም። አንቺና እማዬ ብቻ ናችሁ የምትጠይቁት።»

የምመልሰው አጣሁ። እኔ ራሴ ክፍሌ ውስጥ የወላጅ ፊርማ ስጠይቅ የአክስት፣ የአያት፣ የጎረቤት ፊርማ ነው የምቀበለው፤ ዓመቱን ሙሉ። የሰው አገር ልጅ የምታሳድግ የወሎ እናት ስንት እንደሆነች ከእኔ በላይ የሚያውቅ መምህር የለም ብል ማጋነን አይሆንም። እያወቅሁ ግን መጽሐፍ ላይ ሳገኘው ፈረንጅ የፈጠረው ዘዴ መሰለኝ። የሰፈሬን ሥዕል የያዝኩት እኔ ዳቦ እገዛ ከነበረበት ዘመን ኖሯል።

ሌላውን ነገር እሷ አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲቃረብ ከተማው በሐረጎ ወደ ታች ሲፈስ፣ ወንድሜ ልጁን ከጎረቤት ጋር አይሱዙ ላይ ጫናት። 11 ዓመቷ ነበር። እሱ ቀረ። እናቴ ያኔ ጉልበቷን ታማ መራመድ አትችልም ነበር፣ ትቷት ሊሄድ አልቻለም። እኔ ደግሞ ለሥልጠና አዲስ አበባ ነበርኩ። መብራትም ስልክም ተቋረጠ። ልጅቷ ደብረ ብርሃን ደርሳ፣ ከዚያ እኔ ጋ መጣች። እስከ ኅዳር ማለቂያ፣ ከአምስት ሳምንት በላይ፣ አባቷ ይኑር ይሙት ሳናውቅ አንድ አልጋ ላይ ተኛን። ስለ መንገዱ ጠይቄያት አንድም ቀን ከ«ደህና ነበር» በላይ አልመለሰችልኝም። እንግዲህ የጠፋ ትልቅ ሰው ፍለጋ መጽሐፍ የማገላብጠው እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ተራው የእሷ ነበር። ይዛ የመጣችው አዲስ መጽሐፍ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. 2001 የታተመ ነው። «ሬፊውጂ ቦይ»፣ የእንግሊዛዊው ገጣሚ የቤንጃሚን ዜፋናያ። ዓለም የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነው፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። መጽሐፉ ሲከፈት ወታደሮች ሌሊት በር ሰብረው ገብተው ቤተሰቡን ያስፈራራሉ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ። ገጹ ሲገለጥ ያው ትዕይንት ይደገማል፣ ኤርትራ ውስጥ። ስድቡና ዛቻው አንድ ነው፣ የተቀየረው የአገሩ ስም ብቻ ነው። እናቴ ሁለተኛውን ስትሰማ «አሁን ተናገርሽው እኮ» አለች። ልጅቷ «አይ እማዬ፣ ይሄ ሌላኛው ነው» አለቻት። እናቴ እጣኑን አጫጫሰችና ዝም አለች።

ከዚያ አባትየው ልጁን ለሽርሽር ብሎ እንግሊዝ ይወስደዋል። ሆቴል ያድራሉ። ጠዋት ልጁ ሲነቃ አባቱ የለም።

«የት ሄደ?»

«ወደ አገሩ ተመለሰ። እናትየዋ ጋ። ልጁ ይትረፍ ብሎ ነው የተወው።»

እናቴ እንደ ወትሮው «ወይ ጉድ» አላለችም። ቶናውን ቀድታ ለልጅቷ ሰጠቻት፤ ልጅ ቡና አይጠጣም ስትል የኖረች ሴትዮ።

«ምን ትቶለት ሄደ?»

«ደብዳቤ።»

«ደብዳቤ ብቻ?»

«ደብዳቤ።»

«ላንቺስ አባትሽ ምን ሰጥቶሽ ነበር፣ ያኔ?»

ስኒዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጅቷ ቡናውን ፉት አለችና ፊቷን አጨማደደች፣ ስኳር አላደረጉበትም።

«የአክስቴን ስልክ ቁጥር። ሁለት ቦታ ጻፈልኝ፣ አንዱን ክንዴ ላይ በእስክሪብቶ፣ አንዱን በወረቀት ካልሲዬ ውስጥ። የክንዴን ከሚሴ ሳንደርስ ላብ አጠፋው። ካልሲዬን ደብረ ብርሃን እስክንደርስ አላወለቅሁም። ሴትዮዋ አውልቂ፣ እግርሽ ያብጣል ስትለኝ እንቢ አልኩ።»

እናቴ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ጀበናው። ያ ቁጥር አሁንም የምይዘው ቁጥር ነው። ዓምና ካርድ ልቀይር ብዬ ሱቅ ድረስ ሄጄ ሰልፉ ረዝሞብኝ ተመልሻለሁ።

«እሺ» አለች እናቴ ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ በረካውን ልታፈላ ውሃ እየጨመረች። «ያ ልጅ ታዲያ ብቻውን ሆቴል ውስጥ ምን አደረገ? ማን ደረሰለት?»

«የሆቴሉ ባለቤት አለ» አለች የወንድሜ ልጅ፣ ስልኳን ከጎኗ አንሥታ ገጹን እየፈለገች። «ቆይ፣ እሱ ምን እንዳለው ላንብብልሽ።»